የላን መቶኛ ቀን

ዓዲላ አሶሳ ከተማ ባለው የቀርከሃ ሥራ ማሠልጠኛ ቅርጫትና ወንበር ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ ሴት ናት። የአፍ መፍቻዋ በርታ ስለሆነ አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ይነዳል፤ «እናቴ ደከመው» ትላለች። በማሠልጠኛው ግን ማንም አይስቅባትም፤ ግማሹ ሠራተኛ እንደ እሷው ነው።

ላን ከቬትናም የመጣችው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። ከሃኖይ ወጣ ብሎ፣ ከልጅ እስከ ሽማግሌ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ በሚውልበት መንደር ተወልዳ ያደገች፣ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የሚጠጋ ባለሙያ ነበረች። ለአሥር ወር ልታሠለጥን ተልካ ስትመጣ የሚሆናት ማረፊያ ጠፋና ዓዲላ ከግቢዋ ያለችውን ትርፍ ክፍል ሰጠቻት። ላን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ የባምባሲዋ ልጅ ቢሊሴ፣ የማሠልጠኛው አስተርጓሚ፣ ያንን እየጠጋገነች ወደ አማርኛ ታመጣዋለች። በመጀመሪያው ቀን ላን በቢሊሴ አፍ «ቺ በይኝ» አለቻት። ቺ በእነሱ አገር ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው።

ከዚያ ወዲያ አስተርጓሚ ብዙም አላስፈለጋቸውም። በማሠልጠኛው ማንጎ ጥላ ሥር ቢላቸውን ይዘው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ላን ስንጥቋን ታሳሳለች፣ ዓዲላ እሷን እያየች ታሳሳለች። ሲበላሽ ላን ከንፈሯን ትመጥጣለች፤ ሲያምር ዝም ትላለች። ዓዲላ ያንን ዝምታ ለማግኘት ስትል ብቻ አዲስ ነገር ትሞክር ነበር።

በስምንተኛው ወር የዓዲላ ልጅ ዓፊያ ሞተች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከገጠር ወደ ከተማ ሲያመጧት ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት ኖሮ መኪናው ጭቃ ላይ ቆመ። እዚያው ደም ፈሰሳት። እሷም ሕፃኑም አልተረፉም።

ላን ወዲያው ቢሊሴን ጠርታ፣ «በእናንተ አገር ምን ይደረጋል? ምን አይደረግም?» ብላ ጠየቀች። ቢሊሴም ነገረቻት፦ ፀጉርሽን ሸፍኚ፣ ጫማሽን ከደጅ አውልቂ፣ ከሴቶቹ ጋር ሰሌን ላይ ተቀመጪ፣ ፎቶ እንዳታነሺ፣ ያቀረቡልሽን ቅመሺ። ላን እንደተባለችው አደረገች። ሦስት ቀን ሙሉ ከሰሌኑ አልተለየችም። ሴቶቹ ሲያለቅሱ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። በሦስተኛው ቀን ዓዲላ ከድካሟ ብዛት ጋደም ባለችበት እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ላን የቀዘቀዘ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ እስክትነቃ ድረስ አልለቀቀችውም። ዓዲላ በዚያ ለቅሶ ማን መጣ ማን ቀረ ብትባል አታውቅም፤ ያንን እጅ ግን ታስታውሳለች።

ላን አገሯ ገብታ ዓመት ሳይሞላ የመንደሯ የባለሙያዎች ማኅበር ለዓዲላ የግብዣ ደብዳቤና ቀኑ ሊቀየር የሚችል የአውሮፕላን ትኬት ላከላት። ላንም በቢሊሴ ስልክ ምክር በድምፅ ትልክላት ጀመር። «መንገድ ስትሻገሪ አትሩጪ፤ አትቁሚም። ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ ሞተሮቹ ራሳቸው ይዞሩሻል።» «የማታውቂውን ሕፃን ራሱን አትዳብሺ፣ ወላጆቹ አይወዱም።» «ሰው ሲሰጥሽ በሁለት እጅሽ ተቀበይ።» ይህን ስትሰማ ዓዲላ ሳቀች። «ይሄንማ የእኔ እናትም አስተምሮኛል» አለች።

ግን አልሄደችም። መጀመሪያ ታላቅ ወንድሟ ማህጁብ፣ «ሴት ብቻዋን እዚያ ድረስ? ለሽርሽር?» ብሎ ከለከላት። ቀጥሎ ፓስፖርቱ ዘገየ። ፓስፖርቱ ሲደርስ ደግሞ ማሽላው ደረሰ። ላን «መቼ ነሽ?» ትላለች፤ ዓዲላ «ከአጨዳ በኋላ፣ ኢንሻአላህ» ትላለች። የመጨረሻው መልእክት አጭር ነበር። ላን በመሃሉ ረጅም ሳል ሳለችና «ብርድ ነው» አለች።

መርዶውን ያመጣችው ቢሊሴ ናት። አንድ ጠዋት ዓዲላ ቀርከሃ ስትልጥ መጥታ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች።

«ዓዲላ፣ እስቲ ቢላውን አስቀምጪው።»

ዓዲላ አላስቀመጠችውም። «ምንድነው?»

«የላን ልጅ፣ ሚን፣ ጽፎልኛል። ካንሰር ነበረባት፤ ሳንባዋን። ከሦስት ሳምንት በፊት ቀብረዋታል።»

«ቺ ላን ሞተ?»

«ሞተች።»

«ታመምኩ አላለኝም እኮ።»

ቢሊሴ መሬት መሬት አየች። «እንዳትነግሯት ብላ ነው። ዓዲላ ከሰማች ያላትን ጥላ ትመጣለች፤ አጨዳዋን ትጨርስ ብላ።»

ዓዲላ ቢላውን ያኔ አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ ማህጁብ ቤት ሄደች። ቁጭ እንኳ ሳትል በበርታ፣ «እሄዳለሁ» አለችው። «የምትከለክለኝ ከሆነ አሁኑኑ ተናገር። ያው እሄዳለሁ።»

ማህጁብ መቁጠሪያውን በጣቶቹ መሃል እስከ ጫፉ ቆጠረ።

«ለግብዣ ቢሆን አልለቅሽም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያቺ ሴት ግን ለዓፊያ ሦስት ቀን ተቀምጣለች። እኔ አጎትየው በሁለተኛው ቀን ሱቄን ከፍቻለሁ። ለቅሶሽን የደረሰን ሰው ለቅሶውን አለመድረስ ነውር ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ብቻ። ለሙት ፎቶ ዕጣን ያጨሳሉ፣ ይሰግዳሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። አንቺ እንዳትሰግጂ።»

«ወላሂ አልሰግድም።»

ሚን ላን ከሞተች ለመቶኛው ቀን መታሰቢያ ብትደርስ ደስ እንደሚለው ጻፈ። ቢሊሴ እሷ ራሷ ቬትናም ሁለት ወር ሠልጥና ስለመጣች የጉዞውን ነገር በእጇ አደረገችው። ቪዛውን በኢንተርኔት ሞላች፤ ሲፈቀድ ሁለት ቦታ አሳትማ «አንዱን ሻንጣሽ ውስጥ፣ አንዱን ከላይሽ ሳታወርጂ» አለቻት። የመንደሩን አድራሻ በቬትናም ጽሕፈት በካርቶን ላይ ጻፈችላት፤ በሌላ ካርቶን ላይ ደግሞ «የአሳማ ሥጋ አልበላም» የሚል።

«ፓስፖርትሽን ከኢሚግሬሽኑ ሰው በቀር ለማንም አትስጪ» ትላታለች። «ከአየር ማረፊያው ስትወጪ ታክሲ ታክሲ እያለ እጅሽን የሚጎትትሽን አትከተይ፤ ሰልፍ ይዘው ከቆሙት ውሰጂ። የጠፋሽ ከመሰለሽ ካርቶኑን ለሱቅ ሴት አሳዪ። ቀይ እንዳትለብሺ። የመብያውን እንጨት ሩዝ መሃል አትትከዪው፤ እንደዚያ የሚተከለው የሙት ዕጣን ነው፣ ይከፋቸዋል።»

«ሌላስ?»

ቢሊሴ ትንሽ አመነታች። «ጮክ ብለሽ አታልቅሺ። በመቶኛው ቀን አያለቅሱም። የቀኑ ስም ራሱ ‹ለቅሶ ማቆሚያ› ነው።»

ዓዲላ ይህኛውን እንዳልሰማች ሆና አለፈችው።

ከአሶሳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሃኖይ። በመንገድ ምን እንደበላች አታውቅም። ሚን በመታሰቢያው ዝግጅት ተይዞ ስለነበር የሚቀበላት ሰው አልነበረም። እንደተመከረችው ጎታቾቹን አልፋ ከሰልፉ ታክሲ ያዘች፤ ካርቶኑንም በሁለት እጇ ለሾፌሩ ሰጠችው። ሰውየው አነበበው፣ ፊቷን አየ፣ በሁለት እጁ መለሰላት።

ታክሲው መንደሩ አፍ ላይ አወረዳት። የላን ሰፈር ከትልቁ መንገድ ማዶ ነበር፣ መንገዱ ደግሞ በሞተር ተሞልቶ እንደ ክረምት ወንዝ ይወርዳል። አንዴ እግሯን አስገብታ ተመለሰች። ደግማ አስገብታ ተመለሰች። ያን ጊዜ የላን ድምፅ መጣላት፦ አትሩጪ፤ አትቁሚም። ዓይኗን አስፋልቱ ላይ ተክላ ገባችበት። ሞተሮቹ እውነትም በግራ በቀኝ ዞሯት፤ አንዱም አልነካት። ማዶ ስትደርስ አጥር ተደግፋ ቆመች። የነገረችኝ ሁሉ እውነት ነው፤ ነጋሪዋ ግን የለችም ብላ አሰበች።

ካርቶኑን ያሳየቻት የሱቅ ሴት የላንን ቤት ጠቆመቻት፤ ደጃፉ ላይ ብዙ ጫማ ተኮልኩሏል። የራሷን አውልቃ ከዳር አስቀመጠች። በአገሯ ለቅሶ ቤት ሲገባ እንደሚደረገው ከበር ጀምራ ልትጮህ አፏን ከፍታ ነበር። ቤቱ ግን ጸጥ ብሏል። ሰዎቹ ምግብ ያቀራርባሉ፣ ቀስ ብለው ይጫወታሉ፣ አንዳንዱም ፈገግ ይላል። ጩኸቷን ዋጠችው።

ሚን ሰላሳ ዓመት የሚሆነው፣ የእናቱን ቅንድብ የወረሰ ሰው ነው። እንግሊዝኛ ስለሚችል ቢሊሴን በስልክ አገናኛትና ወደ ውስጥ አስገባት። ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ በተሠራ መደርደሪያ የላን ፎቶ ቆሟል፤ ከፊቱ ፍራፍሬ፣ ነጭ አበባ፣ አንድ ሳህን ሩዝ። ሚን ሦስት ቀጫጭን የዕጣን እንጨት ለኩሶ በሁለት እጁ ዘረጋላት። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያት።

ዓዲላ ለሚን ከአንገቷ ጎንበስ አለች፤ ዕጣኑን ግን አልተቀበለችም።

«ቢሊሴ፣ በለው» አለች ወደ ስልኩ። «እኔ ይሄን አልችልም በለው። ንቄ አይደለም። ቺ ላን እኔ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጠ። እኔም ልቀመጥ በለው።»

ቢሊሴ ተረጎመች። ከጥግ የላን ታላቅ እህት፣ አሮጊቷ ሆዋ፣ ፊቷን አጥቁራ አንድ ነገር አጉረመረመች። ሚን መለሰላት፣ እሷም መልሳ ተናገረች። ዓዲላ ምን እንደተባለ አልጠየቀችም፤ ቢሊሴም አልነገረቻትም። ሚን ዕጣኑን ራሱ ተከለና ከግድግዳው ሥር ምንጣፍ ዘረጋላት።

ተቀመጠች። መዳፎቿን ዘርግታ ለዚያ ቤት ሰዎች ሶብርና መጽናናት እንዲሰጣቸው አላህን ለመነች። ለብቻዋ የተሠራላትን ዓሣና ጎመን አቀረቡላት፤ የመብያው እንጨት አልታዘዝ ሲላት አንዲት ሴት ማንኪያ አመጣችላት። እንግዳው ተራ በተራ ተሰናብቶ እስኪወጣ ከቦታዋ አልተነሣችም።

ቤቱ ሊጎድል ሲል ሚን ሻንጣዋን አንሥቶ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል ወሰዳት። አልጋው ላይ አዲስ ሰሌን፣ በመስኮቱ በኩል ለመቀመጫ የተሠራ ዝቅ ያለ የቀርከሃ ወንበር ነበር።

«እዚህ ነው የምታርፊው» አለ በቢሊሴ በኩል። «እናቴ ያሰናዳችው አምና ነው፣ ዓዲላ ትመጣለች ስትል። ሰሌኑ እንዳይሻግት በየሳምንቱ ፀሐይ ታሰጣው ነበር።»

«በየሳምንቱ?»

«መነሣት እስካቃታት ቀን ድረስ።»

ዓዲላ በሩ ላይ ቀረች። የዋጠችው ጩኸት ሽቅብ ሲመጣባት ሻሿን አፏ ላይ አፍና ወደ ደጅ ወጣች። ደጅም ዕቃ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ፤ በአጥሩ ዳር ሕፃናት ይጫወታሉ። ዛሬ ለቅሶ የሚቆምበት ቀን ነው። ወዴት ትሂድ?

አንድ እጅ ክንዷን ያዛት። ሆዋ ናት። አሮጊቷ ምንም ሳትናገር ከቤቱ ጀርባ አዞራ፣ በሩዝ ማሳ ዳር በምትሄድ ቀጭን መንገድ ቀርከሃ ወደሚዘፈዘፍበት ኩሬ አደረሰቻት። ውሃው ጥቁር ነው፤ ለወራት የተዘፈዘፈው ቀርከሃ ይሸታል፤ ሥራ ያላስገደደው ሰው አይደርስበትም። ሆዋ ዳሩ ላይ አስቀመጠቻት። አገጯን ወደ ውሃው ቀና አደረገች፣ በቃ አሁን እንደማለት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ መንደሩ አዙራ፣ ሰው እንዳይመጣ መንገዱ መሃል ቆመች።

ዓዲላ አለቀሰች። «ዘገየሁብሽ፣ ቺ፣ ዘገየሁብሽ» እያለች በቋንቋዋ ጮኸች። ለላን አለቀሰች፣ ለዓፊያ አለቀሰች፣ ስም ሳይወጣለት ለተቀበረው ሕፃን አለቀሰች። ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ሆዋ አልዞረችም። በእጅጌዋ ግን ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

ሦስት ቀን ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን ሚን ሩዝ ማሳው መሃል ያለውን መቃብር አሳያት፤ አፈሩ ገና ቀይ ነው፣ ውሃ ከብቦታል። በሦስተኛው ቀን ልትሄድ ስትል ሆዋ በሚን አፍ ለቢሊሴ በስልኩ አንድ ጥያቄ ላከች።

«በአገርሽ ለቅሶ መቼ ነው የሚቆመው ትላለች» አለች ቢሊሴ።

ዓዲላ አሰበች። ዓፊያ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል።

«አላውቅም በለው» አለች።

ሆዋ ትርጉሙን ሰማች። ጎንበስ ብላ የዓዲላን ጫማ ከደጃፉ አነሣች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ለማድረግ እንዲመቻት ፊቱን ወደ ውጭ አዙራ አስቀመጠችላት።