የእታለም ጀርባ

በረዶው መውረድ የጀመረው ሩጫው ከተጋመሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ዝናብ ብቻ ነበር፤ ዝናብ ደግሞ ለሯጭ ምኗ ነው፣ ታጥባ ትገባለች። በረዶው ግን ሽምብራ የሚያህል ነበርና ሽቦን ግንባር ግንባሯን ይቀጠቅጣት ገባ። ተመልካቹ ጣሪያ ወዳለው ወንበር ተሰደደ። ዋናው ዳኛ ዣንጥላው ሥር እንደቆመ «ይቀጥል!» አለ። ዣንጥላ የያዘ ሰው መቼም ቆራጥ ነው።

የክለቡ ልጆች ሽቦ ይሏታል፣ ከቅጥነቷ የተነሳ። አንደኛ በምትወጣበት ዘመን ያወጡላት ስም ነው፤ ዛሬ ከጭራዎቹ ጋር ስትንጠባጠብም ስሙ አብሯት አለ። ጠዋት አሰልጣኙ የመኝታ ክፍሏ በር ላይ ቆሞ «ስሚኝ እህቴ» አላት። እሱ «እህቴ» ካለ ነገር አለ።

«መጨረሻ ውጪ፣ ግዴለም። ከተደረብሽ ግን የክለቡን አልጋሽን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ።»

መደረብ ማለት መሪዋ አንድ ሙሉ ዙር ቀድማሽ ከኋላሽ መጥታ ስታልፍሽ ነው። በዚህ ውድድር የተደረበች ሯጭ መሮጫው መም ላይ አትቆይም፤ የመጨረሻው መስመር ጋ ስትደርስ ቀይ ባንዲራ የያዘው ዳኛ ያስወጣታል። ሽቦ አልጋዋን ካጣች የምትመለስበትን ታውቀዋለች፤ ድሮ አንሶላ የምታጥብበት የሆቴል ምድር ቤት፣ የአንሶላ እንፋሎት፣ በረኪና የላጠው ጣት፣ «ፍጠኚ እንጂ፣ ሯጭ ነኝ አላልሽም?» የሚል አለቃ። ከዚያ የወጣችው በእግሯ ነው። ስትወጣም ታናሽ እህቷን ጎትታ ነው የወጣችው።

መሪዋም ያቺው ታናሽ እህቷ ናት። ሚጣ።

ሚጣ ካሸነፈች ለብሔራዊ ቡድን ትመረጣለች፤ የሚፈለገው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጠዋት ካልሲ ሲሻሙ «እታለም፣ ከደረስኩብሽስ ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃት ነበር።

«አንቺ መጀመሪያ ድረሺ!» ብላ አፏን አስያዘቻት።

ይኸው ደረሰች። ሽቦ ኮቴዋን ሰማች፤ ሚጣ ግራ እግሯን ጠበቅ አድርጋ ነው የምትረግጠው። «አለቀልኝ» አለች በሆዷ። ትከሻዋን ሰብስባ እስክታልፋት ጠበቀች። ኮቴው ቀረበ፣ ትንፋሹ ማጅራቷን ነካው፣ ከዚያ እዚያው ቀረ። አላለፈችም።

ሽቦ ነገሩ የገባት ከኩርባው ሲወጡ ነው። ልምምድ ላይ ንፋስ ሲበረታ ታላቂቱ ከፊት ሆና ትጋፈጠዋለች፣ ታናሺቱ ጀርባዋ ላይ ተለጥፋ ትከተላለች፤ ሽቦ «እለፊ» ብላ እጇን ወደ ኋላ ካላወዛወዘችላት ንቅንቅ አትልም። ስንት ክረምት እንዲህ ሮጠዋል። አሁንም ሚጣ በረዶው ዓይኗን ደፍኖት፣ አንገቷን ቀብራ ስትመጣ የምታውቀውን ጀርባ አገኘች፣ እግሯም እንደለመደው ተሰካ። ሌላ ሰው ቢሆን በሁለት እርምጃ ያልፍ ነበር። ይህን ስህተት በዚህ ሁሉ ሯጭ መሃል እነሱ ብቻ ናቸው የሚሳሳቱት።

እጇን አንዴ ብታወዛውዝ ይበቃል።

አላወዛወዘችም።

«ትንሽ ትረፍ፣ ከንፋሱ ላስጥላት» አለች ለራሷ። ውሸቷን ነው። ሚጣ ከኋላዋ እስካለች ድረስ አልተደረበችም፣ አልጋዋም አልጋዋ ነው። አሰልጣኙ አጥሩ ጋ ተንጠልጥሎ ይጮሃል፣ አፉ ሲከፈት ሲዘጋ ይታያል፣ ድምፁን ግን ጣሪያውን የሚደበድበው በረዶ በላው። ሽቦ ወደዚያ ላለማየት መሬት መሬት እያየች አንድ ዙር ዞረች። ሳንባዋ ይቃጠላል፣ ጣቶቿ በድነዋል፣ ፍጥነቷ ደግሞ የመሪ ፍጥነት አይደለም።

ሌላ ኮቴ መጣ። ሁለተኛ የነበረችው የሌላ ክለብ ልጅ ናት፤ ከርዝመቷ የተነሳ ሰንበሌጥ ይሏታል። ውጩን ይዛ ሁለቱንም ዘለለቻቸው።

በቃ። መሪዋ አሁን ሰንበሌጥ ናት፤ ሽቦም ተደርባለች። መስመሩ ጋ ባንዲራው ሲነሳ በዚያ ሁሉ በረዶ ውስጥ እንኳ ታየ። የእህቷን ሩጫ የሸጠችበት ነገር ከእጇ ወጣ፤ የተረፋት እስከ መስመሩ ያለው ግማሽ ዙር ብቻ ነው።

«እታለም! ማናት ያለፈችው?»

«ሰንበሌጥ ናት፣ አንቺ ጅል! ያዢኝ!»

ጉልበቱን ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቀው፣ ተወረወረች። ንፋሱ ደረቷን እንደ በር ይገፋታል፣ እሷም መልሳ ትገፋዋለች። ሌላ ጊዜ ለእግሯ ትሳሳለች፣ ዛሬ ለማን ልትቆጥበው። ኩርባው ላይ የሰንበሌጥ ጀርባ ቀረበ፤ ከተረከዟ የሚረጨው ውሃ አፏ ገባ። ሚጣ ከኋላዋ ታለከልካለች።

«ሂጂ! ሂጂልኝ!» ብላ ገለል አለችላት። ሚጣ አለፈች። ወዲያው የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ፤ ባንዲራ ያዡም ሽቦን በክንዷ ይዞ ወደ ሣሩ አወጣት።

«ይበቃሻል እህት፣ ይበቃሻል።»

«ልቀቀኝ፣ ልያት!»

ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው በረዶው ውስጥ ገቡ፤ ሲመለሱም ጎን ለጎን ነበሩ። ሽቦ ሣሩ ላይ በዳዴ ተከተለቻቸው። ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። መስመሩ ላይ ግን የሰንበሌጥ ደረት ቀደመ፣ በአንድ መዳፍ ያህል። ያቺ ዙር ባትባክን መዳፍ አይደለም፣ ሜዳ ሙሉ ይተርፍ ነበር።

ሚጣ እየተንገዳገደች መጥታ አጠገቧ ዘጭ አለች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ከኋላሽ መሆኔን አውቀሽ ነበር?»

«አላወቅኩም» ማለት ይቻላል። በረዶው ይመሰክርላታል።

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ምነው?»

«ፈራሁ።»

ሚጣ ፊቷን ወደ መሙ አዞረች። እዚያ ሰንበሌጥን ብርድ ልብስ ያለብሷታል፣ ይስሟታል። ሽቦ ስድብ ጠበቀች፣ ጥፊም ቢሆን አትጠላም ነበር። ሚጣ ሳታያት እግሯን ወደ እሷ ዘረጋች።

«ጫማዬን ፍቺልኝ። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ።»

የሽቦ ጣትም አልታዘዝ አለ። ጎንበስ ብላ፣ በጭቃ የራሰውን ክር በጥርሷ ያዘችው።