ዳንቴል የለበሰው አምፕሊፋየር

ባሌ ቲጃኒ አዲሱን አምፕሊፋየር በባጃጅ ጭኖ ጊንጆ ሰፈር ያለው ቤታችን ሲደርስ፣ «ይሄ ጉልቤ ስፒከሮቼን ሊያቃጥላቸው ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ስፒከሮቹን ወንድሜ ነው ለሰርጌ የሰጠኝ።

«ፈድሊያ፣ ቆይ አትጩሂ» አለና የስፒከሮቹንም የአምፕሊፋየሩንም ጀርባ አነበበልኝ። «ስምንት ኦም፣ መቶ ዋት። እዚህም ያው ነው፤ ይስማማሉ። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ከቀነስንለት ምንም አይሆኑም።»

አላመንኩትም። ማታ የምናየው ፊልም ገና ሳይጋመስ ድምፁ ድርግም አለ፤ የጋለ ነገርም ሸተተን።

«አላልኩህም? ገደልካቸው!»

ቲጃኒ ስፒከሮቹን በእጁ ዳሰሳቸው፤ ቀዝቃዛ ናቸው። አምፕሊፋየሩ ግን እንደ ምጣድ ግሏል። ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን እንዳለበስኳቸው ሁሉ፣ እሱንም እንግዳ ፊት ራቁቱን እንዳይቆም ብዬ ዳንቴል እጥፍ አድርጌ አልብሼው ነበር። ቲጃኒ ዳንቴሉን ሲገፈው፣ የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹ በሙሉ ታፍነው አየሁ።

እስኪበርድ ጠብቀን መልሰን ስናበራው፣ ሁለቱም ስፒከሮች ጥርት ባለ ድምፅ ተናገሩ። «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ሶፋው ላይ ዘፍ አልኩ።

ቲጃኒ ዳንቴሉን በሥርዓት አጣጥፎ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

ምናለ እሱም አንዴ ቢጮህብኝ!