የቀለለው ፔዳል

ከባድ ሥራ ሰው አይገድልም። የሚገድለው ጨርሼዋለሁ ያሉት ሥራ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ያቺ ባለ ሁለት በር ቀይ የስፖርት መኪና ዛሬም እየተነፋረቀች ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ መካኒኩ ይህን አሰበና እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ወጣ። ከመሪው ኋላ አባቱ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ያው እንደ ልማዷ መስቀለኛው መንገድ ላይ አኮረፈች» አሉ ገና ሳይወርዱ። «እረግጣለሁ፣ እረግጣለሁ፣ እሷ ምን በወጣት! ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ነፋብኝ።»

«እሺ አባባ፣ ይውረዱ» አለ።

አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ይህችን መኪና የገዟት ልጆቻቸውን ሁሉ ለወግ ለማዕረግ ካበቁ በኋላ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ የሰው ዕቃ ሳልጭን ልንዳ ብለው። ሞተሯ የተቃጠለ ጊዜ ሌሎቹ ልጆች በአንድ አፍ ትሸጥ አሉ። እምቢ ያለ መካኒኩ ብቻ ነው፤ እኔ ሌላ ሞተር እገጥምላታለሁ አለ። ታላቅ እህቱ ቀልድ አታውቅም። «ግጠም» አለችው፤ «አስተማማኝ ካልሆነች ግን ቁልፉን የምቀበላቸው እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜያቸው መንገድ ላይ ሲጉላሉ ማየት አልፈልግም።» መሪ የተነጠቀ ሾፌር ጠዋት ተነስቶ የት እንደሚውል እህትየው አላሰበችበትም። እሱ ግን አስቦበታል፤ እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነበር።

የድሮው ሞተር ነገሩ ቀላል ነበር። ፔዳሉን ሲረግጡት የብረት ገመድ ይሳባል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ በቃ። ከአዲስ መኪና ወጥቶ የመጣው ይኼኛው ሞተር ግን ገመድ የሚባል አያውቅም። ፔዳሉ ላይ ያለው ሴንሰር እግር ምን ያህል እንደወረደ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ነዳጅ ልስጥ አልስጥ የሚለው ኮምፒውተሩ ነው። ያንን የኤሌክትሪክ ፔዳል በዚያች ጠባብ የእግር ቦታ ለመግጠም መካኒኩ ያላየው ፍዳ የለም። ብረት ቆረጠ፣ በየደ፣ አልሆን ሲለው የበየደውን መልሶ ቆረጠ። በመጨረሻ ከፍሬኑ ቀኝ፣ እንደ ደንቡ ራቅ አድርጎ አሰረው። ከዚያ መካኒክ ሁሉ እንደሚያደርገው ራሱ ተቀመጠ፣ በራሱ እግር ረገጠ፣ ራሱ ነዳት። በረረች።

ለአባቱ ሲሰጣቸው ግን አኮረፈች። ተቀብሎ ሲነዳት በረረች። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለወጠ፣ ሴንሰሩን ለወጠ፣ ፔዳሉንም ራሱን ለወጠ። የጋራዡ ሰዎች «አማችህን ነው እንዴ የምታስታምመው?» እያሉ ይስቁበታል። ልቡን አድርቃዋለች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩ የት እንደሆነ ቢያውቅማ ኖሮ።

በዚህኛው ጉዞ ግን ለአባቱ ሳይነግራቸው እየመዘገበ የሚሄድ መመርመሪያ ዳሽቦርዱ ሥር ሰክቶ ነበር። አሁን ነቅሎ ከፈተው። አንደኛው መስመር ነዳጅ ነው፣ ሁለተኛው ፍሬን። መስቀለኛው ላይ ሁለቱም አብረው ይነሳሉ፣ አብረውም ይቆያሉ። ሁለቱ ባንድ ላይ ከተረገጡ ኮምፒውተሩ የሚያምነው ፍሬኑን ነው፤ ነዳጁን ነፍጎ ሞተሩን ወደ ሚኒሞ፣ ወደ ዝቅተኛው ዙር ይመልሰዋል። መኪናዋ አንድም ጥፋት የለባትም።

መጀመሪያ ደስ አለው። ጫማቸው ሰፊ ቢሆን ነው፣ ፔዳሉን ትንሽ ገፋ አደርገዋለሁ ብሎ አሰበ። «አባባ፣ እስኪ አንዴ ይቀመጡልኝ። ሞተሩን አያስነሱ፤ ልለካ ነው።»

ተቀመጡ። እሱ በበሩ በኩል ተንበርክኮ አንገቱን ወደ ፔዳሎቹ አስገባ። «ፍሬን ይርገጡልኝ።»

ረገጡ። ጫማው ግማሹ ፍሬን ላይ፣ ግማሹ ነዳጁ ላይ አረፈ። ጫማው ሰፊ አልነበረም።

«ፍሬን ላይ ነዎት?»

«ታዲያ የት ልሆን ኖሯል?» አሉ፤ ዓይናቸው ከፊት ለፊቱ መስታወት አልተነቀለም። እግሩን የሚያይ ሾፌር ሾፌር አይደለም ባይ ናቸው።

መካኒኩ ጫማቸውን በእጁ ቀስ አድርጎ አነሳና ነዳጁ ላይ አስቀመጠው። «አሁንስ?»

«ሰውዬ፣ ፍሬን ላይ ነዋ! ስንቴ ልንገርህ?»

የጫማቸውን ጫፍ ጨበጠ። ጣቶቻቸውን በቆዳው ላይ አገኛቸው፤ ጨመቃቸው፣ አጥብቆም ጨመቃቸው። አባቱ ወደ ፊት እያዩ የሚቀጥለውን ጥያቄ ይጠብቃሉ። ጫፉን እንደጨበጠ ተንበርክኮ ቀረ።

ጥያቄው ሲዘገይባቸው ጎንበስ ብለው አዩ። የልጃቸውን እጅ አዩ፣ እግራቸው ያለበትን አዩ።

«ስኳሩ ነው» አሉ። «እግሬ መደንዘዝ ከጀመረ ከርሟል። የድሮዋ ፔዳል ሞላዋ ከባድ ነበር፤ ጭኔን ስትገፋኝ የት እንዳለሁ አውቅ ነበር። ይቺኛዋ ላባ ናት። ምንም አትነግረኝም።»

ለካ ያንን ከባድ ፔዳል አውጥቶ የጣለባቸው እሱ ነው።

«ይሄ ኮምፒውተር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሁለቱን ባንዴ ስረግጥ እንዳያኮርፍ ማድረግ አይቻልም?»

ይቻል ነበር። ከሻይ ዕረፍት ያነሰ ሥራ ነው። መኪናዋ ዳግም አታኮርፍም፣ እህቱም ቁልፉን አትጠይቅም፣ እሱም ይተኛል። እንቅልፉ በዓይኑ ላይ መጣ።

«ይቻላል» አለ። «ግን ያን ጊዜ አቆማለሁ ብለው ሲረግጡ ትሄዳለች።»

አባቱ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«አላደርገውም አባባ። ይቆጡኝ፤ አላደርገውም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ወረዱ፣ በኮፈኑ በኩል ዞረው በዚያኛው በር ገቡ። «በል ንዳና ቤት አድርሰኝ» አሉ። «ለእህትህ ራሴ እነግራታለሁ።»

በዚህች መኪና በዚያ በኩል ተቀምጠው አያውቁም። ቀበቶውን በግራ ትከሻቸው በኩል ፈለጉት፣ ዳሰሱት፣ አጡት። ልጃቸው በላያቸው ተሻግሮ ከቀኝ ጎተተና አሰረላቸው።

መስቀለኛው ላይ መብራቱ ቀይ ሆነ። መካኒኩ ፍሬኑን ከመያዙ በፊት የአባቱ ቀኝ እግር ባዶውን ምንጣፍ ረገጠ፤ በሰዓቱ፣ በልኩ፣ መኪናዋ እስክትቆምም ድረስ ከዚያ አልተነሳም። አባቱ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር፤ እግራቸው ምን እንደሚያደርግ አላወቁም። እሱም አልነገራቸውም።