አብረው ያልተወለዱ ኮከቦች

«ምነው ለዛሬ ይዘሽብኝ መጣሽ?» አሉ ፕሮፌሰር ዋይናንድ ሎው፣ ላፕቶፑን በመዳፋቸው ገፋ እያደረጉ።

ላፕቶፑን ያመጣችው የቀድሞ ተማሪያቸው ዞሌካ ናት። ንጋት ላይ ከኬፕታውን ተነስታ እሳቸው የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ሰዘርላንድ እስክትደርስ፣ የምትናገረውን ስታወጣ ስታወርድ ነበር። አሁን ግን እንቅልፍ አጥቶ የከረመ ጭንቅላቷ ባዶ ሆነባት። ከመስኮቱ ውጭ ጎረቤቶች ለጡረታ መሸኛው ድግስ በግ እየጠበሱ ይሳሳቃሉ።

«በስልክ ብነግርዎት ይሻል ነበር?»

«ድግሱ ካለፈ በኋላ፣ ሰኞ ብትነግሪኝ ይሻል ነበር።»

በደቡብ ሰማይ ላይ እንደ ብጣሽ ደመና የሚታዩ ሁለት ጋላክሲዎች አሉ። ፕሮፌሰሩ ዕድሜያቸውን የፈጁት በእነሱ ላይ ነው። የአንድ ስብስብ ኮከቦች ከአንድ የጋዝ ደመና አብረው ስለሚወለዱ፣ ከቀለማቸውና ከድምቀታቸው ዕድሜያቸው ይታወቃል። ፕሮፌሰሩ በትንሹ ጋላክሲ ውስጥ እኩያ የሆኑ በርካታ ስብስቦች አገኙ። ከዚያ ተነስተው፣ ሁለቱ ጋላክሲዎች በጥንት ዘመን ተጠጋግተው ሲተላለፉ ኮከብ እንደ ጉድ ተወለደ አሉ። ስማቸው የተጠራው በዚህ ነው። ዞሌካም ዶክተር የተባለችው በዚሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን አዲሱን የሳተላይት ልኬት ይዛ የኮከቦቹን ጉዞ አንድ በአንድ ስትመረምር፣ ከስብስቦቹ የሚበዙት ስብስብ ሆነው አልተገኙም። አንዱ ቅርብ፣ ሌላው ሩቅ፤ አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ የሚሄድ። ከምድር ለሚያያቸው ብቻ የተጠጋጉ የሚመስሉ፣ የማይተዋወቁ መንገደኞች ነበሩ። አብረው ካልተወለዱ ደግሞ የፕሮፌሰሩ ታሪክ መሠረት የለውም።

«ደጋግሜ ሠራሁት» አለች። «ተሳስቼ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

«አልተሳሳትሽም። እንዴት እንደምትሠሪ አውቃለሁ፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ድንገት በጣም ያረጁ መሰሏት። «ዞሌካ፣ የዛሬን ብቻ ተዪልኝ። ሰው ተጠርቷል። ልጄ ከአውስትራሊያ ድረስ መጥታለች። ሰኞ እርማቱን አንቺው ጻፊው፤ እኔም ስሜን አኖርበታለሁ።»

እናቷ የሞተች ጊዜ በገዛ መኪናቸው ሩቁ ኢስተርን ኬፕ ክፍለ ሀገር ድረስ ወስደው ለቀብር ያደረሷት እኚህ ሰው ናቸው።

«እሺ፣ ፕሮፌሰር» አለች። ለመከራከርም አቅም አልነበራትም።

ከሰዓት በኋላ ድግሱ የተዘጋጀበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ፕሮፌሰሩ ያንኑ የጋላክሲዎቹን ታሪክ ተናገሩ፤ ድምፃቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተቆረጠ፤ ሰዉ በስሜት መስሎት ይበልጥ አጨበጨበላቸው። ዞሌካም አጨበጨበች። እጇ የሌላ ሰው እጅ መሰላት። ጭብጨባው እንዳበቃ፣ ሄዳ ለመተኛት ቦርሳዋን አነሳች።

«ዶክተር፣ አንድ አፍታ!» ጥብስ የተቆለለበት ሳህን የያዘች ሴት መንገዱን ዘጋችባት። «ሚስ ጃንቺስ እባላለሁ፤ እዚህ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ፕሮፌሰሩን በዛሬ ቀናቸው ላስቸግራቸው አልወደድኩም። ሰኞ ለልጆቹ ልነግራቸው ነው። ጋላክሲዎቹ ተጠጋግተው ሲያልፉ ነው ኮከቦቹ የተወለዱት፣ አይደል? በትክክል ይዤዋለሁ?»

ዞሌካ ቀና ስትል ዓይኗ ከፕሮፌሰሩ ዓይን ጋር ገጠመ። ከአዳራሹ ማዶ፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ እየሳቀች ታወራቸዋለች። እሳቸው ግን የሚያዩት ዞሌካን ነው።

ሰውነቷ ሁሉ አልጋ አልጋ ይላታል። አንዲት «አዎ» ብትል መኪናዋ በር ላይ ነው።

«እንዴት ያሉ ልጆች ናቸው?» አለች።

«ውይ፣ አያድርስ! የነገርኳቸውን አይረሱም። ስሳሳት ደግሞ በዓመቱም ያነሱብኛል።»

ዞሌካ ቦርሳዋን መሬት ላይ አኖረች። ሁለት ወንበር ስባ ወደ ግድግዳው ጥግ አስጠጋች።

«የሰሙትን በትክክል ይዘውታል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን እንደዚያ አያስተምሩት። ይቀመጡ፤ ሥጋው ሳይቀዘቅዝ እየበሉ ይስሙኝ።»