የአምስት ቀን ተማሪ

«‹በኤሌክትሪክ ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በከፍተኛ ማዕረግ አግኝተዋል› ይላል» አለ አጎቷ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዘነበለ።

ሚጡ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የጥቁር ሻሿን ጫፍ ትጠመዝዝ ነበር። እጇ ቆመ።

«ማን?»

«አባትሽ ነዋ።»

«አባዬ ዲግሪ የለውም።»

«እሱን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? አብረን ነው ያደግነው።» አጎቷ በሩን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከበሩ ወዲያ ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል።

ወረቀቱን የላከው የአባቷ መሥሪያ ቤት ነው። ነገ በሦስተኛው ቀን የሥራ ባልደረቦቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ ቤተሰቡም ረቂቁን አይቶ እንዲመልስ ተጠይቋል። የጻፈው ሰው አባቷን በአካል የሚያውቀው አልመሰላትም። የከተማውን ግማሽ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቀጥ አድርጎ የያዘ ሰው ዲግሪ ሳይኖረው ይቀራል ብሎ አልጠረጠረም፤ ከራሱ ጨመረለት።

«እኛ አልዋሸን» አለ አጎቷ። ዕድሜውን ኢንሹራንስ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ የማይጎዳ ነገር ከተጻፈ ፈርሞ ማለፍ ልማዱ ነው። «የጻፉት እነሱ ናቸው። የእኛ ድርሻ ዝም ማለት ብቻ ነው። ማን መቃብር ድረስ ሄዶ ዲግሪህን አሳየኝ ይለዋል? ስንት ጊዜ ሹመት የነፈጉት በዚች ወረቀት አይደል? አሁን ቢሰጡት ምን አለበት?»

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ሚጡን ያዝ አደረገቻት። እውነት ነው፤ ሦስት ጊዜ ለክፍል ኃላፊነት ታጭቶ፣ ሦስት ጊዜም ማመልከቻው «የትምህርት ዝግጅት አያሟላም» ተብሎ ተመልሷል። ሦስቱንም ጊዜ በሹመቱ የመጡትን ሰዎች ሥራ ያስተማረው እሱ ነው።

«ስጠኝ» አለች። «የማነበው እኔ ስለሆንኩ እኔው ላስተካክለው።»

አጎቷ ወረቀቱን ሰጣት፤ ግን ወዲያው አለቀቀውም። «ለእናትሽ አስቢ» አለ። «ነገ የሚመጣው ትልልቅ ሰው ነው።»

ብቻዋን ስትቀር «ትምህርት» የሚለውን መስመር ደጋግማ አነበበችው። መሰረዝ ቀላል ነበር። የከበዳት በምትኩ የሚጻፈው ነው፤ ምክንያቱም ስለ አባቷ ትምህርት የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም በገዛ አፏ አበላሽታዋለች።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እያለች ነው አባቷ ኮሌጅ የማታ ትምህርት የተመዘገበው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ደብተሩን እሷ ነበረች የለበደችለት። ሰኞ ዕለት ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ሁለት እስክሪብቶ ኪሱ ሰክቶ ሲወጣ እናቷ ከኋላው ቆማ «ጎበዝ ተማሪ ሁን፣ ከሰው ልጅ ጋር እንዳትጣላ» ብላ ቀለደችበት። አርብ ማታ ሲመለስ ደብተሩን ቁምሳጥኑ ላይ ወረወረና ሁለተኛ አላነሳውም።

«ከበደህ እንዴ?» አለችው ሚጡ።

«አዎ ልጄ፤ ከበደኝ።»

ነገሩ በዚህ ቢቀር ምንም አልነበረም። እሷ ራሷ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደርሳ አንድ ድርጅት በፕሮግራም ሠሪነት ሊቀጥራት ፈለገ፤ ወዲያውኑ፣ ያለ ዲግሪ። ጓደኞቿ ሁሉ በቴክኖሎጂ ሥራ ወረቀት የጠየቀ የለም፣ ችሎታሽን አሳይተሽ መግባት ነው ይሉ ነበር። ሻንጣዋን ይዛ ቤት መጣች። አባቷ አይሆንም አለ፤ ጨርሺ። እሷ ተቆጣች፤ ንዴቷ ሲብስባትም፣ እናቷ ባለችበት፣ «አምስት ቀን ክፍል መቀመጥ ያቃተህ ሰው እኔን አምስት ዓመት ልታስቀምጠኝ ነው?» አለችው።

አልተቆጣም። ጫማውን እየፈታ ነበር፤ መፍታቱን ቀጠለ። «እኔ እዚህ ሥራ በመስኮት ነው የገባሁት» አላት። «ገብቼ ምንም አላነስኩም። ግን በመስኮት የገባ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዴት ገባህ ሲባል ይኖራል። አንቺን ያንን ጥያቄ ማንም እንዲጠይቅሽ አልፈልግም።»

ጨረሰች። ዛሬ ጥሩ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ለዚያች ቃሏ ግን አንድም ቀን ይቅርታ ጠይቃው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። ከየጎረቤቱ የተዋሱት ወንበሮች በአጥሩ ጥግ ተደርድረዋል። የመሥሪያ ቤቱ ወጣት ቴክኒሻኖች አንድ ላይ ተሰብስበው በሹክሹክታ ይከራከራሉ፤ ሹክሹክታው ግን ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

«ጋሽ ሽቦ ዲግሪ ሳይኖራቸው ይኸው እዚህ ደረሱ አይደል?» አለ አንደኛው። ጋሽ ሽቦ የአባቷ ቅጽል ስም ነው። መሥሪያ ቤቱ የገባው ለገመድ ማስገቢያ ቦይ ቆፋሪ ሆኖ ነበር፤ የተጣለ የሽቦ ቁራጭ ኪሱ እየጨመረ ምሳ ሰዓት ላይ «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?» እያለ መካኒኮቹን መውጫ መግቢያ ሲያሳጣቸው ነው ስሙ የወጣለት።

«የሳቸው ዘመን ሌላ ነው» አለ ሌላው። «ዛሬ ያለ ዲግሪ ማመልከቻህን የሚያነብልህ የለም።»

«ቢያነቡልህስ? የእኔን አንብበው ቀጠሩኝ። መጀመሪያ ቀን ምሰሶ ላይ ወጥቼ የቱን እንደምነካ ሳላውቅ ቀረሁ። ከታች ሆነው የነገሩኝ ማን ናቸው?»

የክፍል ኃላፊዋ ከጎናቸው ተቀምጣ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ ያላት፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ አራት ዓመት የሚጡ አባት አለቃ ነበረች። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለቻቸው። «እኔን ትምህርቴ ብዙ ረድቶኛል፤ ጋሼ የሚያደርጉት ነገር ለምን እንደሚሠራ የሚገባኝ በትምህርቴ ነው። ግን መስመር ሲቋረጥ ካርታ ሳያዩ የተቋረጠበትን መንገድ የሚነግሩኝ እሳቸው ነበሩ። በወረቀት አለቃቸው እኔ ነበርኩ። ስብሰባ ላይ ግን ከመናገሬ በፊት ዓይናቸውን አይ ነበር።» ሚጡን ስታይ ተነሥታ አቀፈቻት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አንድ ሪዛም ሰው መጣ። በሩ አጠገብ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ሚጡ ሻይ ስታቀርብለት ብርጭቆውን ሳይቀበላት «ልጃቸው ነሽ?» አለ። «የኮሌጅ መምህር ነኝ። አባትሽን ለአንድ ሳምንት አስተምሬያቸው ነበር። ማለቴ… እንዲህ ማለቱ ራሱ ያሳፍረኛል።»

ሚጡ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

መምህሩ ቀስ እያለ ነገራት። ተማሪ እያለ ለስድስት ወር የተግባር ልምምድ አባቷ ዘንድ ተመድቦ ነበር። አባቷ የሚለውን ሁሉ፣ ጉድጓድ ውስጥም ምሰሶ ሥርም ሆኖ፣ ቃል በቃል ይጽፍ ነበር። ተመርቆ ኮሌጅ ሲቀጠር ያንን ጽሑፍ አገላብጦ የማስተማሪያ ጥራዝ አደረገው። በላዩ ላይ የራሱን ስም ጻፈበት።

«አንድ ሰኞ ማታ ክፍል ስገባ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው ተተኩሶ፣ እስክሪብቷቸው ተዘጋጅቶ፣ ጥራዙ ፊታቸው ላይ።»

«ምን አሉህ?»

«ምንም። እንደ ማንኛውም ተማሪ ሲጽፉ አመሹ። ማክሰኞ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ደረስን። እሱ ጋ ስቀዳ ተሳስቻለሁ፤ አንድ ተማሪ ያዘኝና ክፍሉ ተንጫጫ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው መጻፋቸውን ቀጠሉ። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠጋ ብለው ‹ገጽ አሥራ ሁለትን ያኔ እኔ ነኝ አሳስቼ የነገርኩህ፤ ነገ አርመውና ቀጥል› አሉኝ። አሳስተው አልነገሩኝም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ብርጭቆውን ተቀበላትና ሳይጠጣ ያዘው።

«ከዚያ ወዲያ እሳቸው እያዩኝ መናገር አቃተኝ። ተማሪዎቹ መሳቅ ጀመሩ። አርብ ማታ ሲወጡ ‹ከበደኝ፤ ትቼዋለሁ› አሉኝ። ኧረ ጋሼ፣ እባክዎ አልኳቸው። ‹እኔ ሥራ አለኝ› አሉ፤ ‹አንተ ገና ጀማሪ ነህ። እዚህ ክፍል ውስጥ ከሁለታችን አንዳችን መውጣት ካለብን አንተ መሆን የለብህም።› ሌላ ክፍል ላዛውራቸው እችል ነበር። አላደረኩትም። መሄዳቸው ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱ ይሄ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ልነግራቸው ፈልጌ ሳልነግራቸው ቀረሁ።»

ሚጡ አላለቀሰችም። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጥ ብሎ ሲቆም ተሰማት፤ የተጎነበሰ ሰው ወገቡን ሲያቀና እንደሚሰማው። «ከበደህ እንዴ?» ስትለው «አዎ ልጄ» ያላት ሰው፣ ከዓመታት በኋላም ያንን ቃል ስትወረውርበት እውነቱን አውጥቶ ራሱን ለማዳን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚበቃው። የሌላ ሰው ገበና ስለሆነ አላወጣም።

«ገጽ አሥራ ሁለት ታረመ?» አለች።

«ታረመ። እስከ ዛሬ አስተምረዋለሁ።»

«ነገ ብናገረው ይከፋሃል?»

መምህሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ስሜን ጨምረሽ ተናገሪው» አለ።

በሦስተኛው ቀን ግቢው ሞልቶ ሰው አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ፊት ተቀምጧል፤ አጎቷ ከእናቷ ጎን ሆኖ ጉልበቱን ያሻል። ሚጡ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ትውልዱን አነበበች፤ ትዳሩን አነበበች። ከዚያ ቀና አለች።

«ትምህርት» አለች። «አባቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቋል። ዲግሪ የለውም። በተላከልን ጽሑፍ ላይ ዲግሪ ተሰጥቶት ነበር፤ ላሰቡለት እናመሰግናለን፣ ግን ስላልለፋበት አልወሰደውም።»

ከወጣቶቹ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አጎቷ ዓይኑን ጨፈነ።

«የማታ ኮሌጅ አምስት ቀን ተምሯል። የተማረበት ጥራዝ ከራሱ አፍ የተጻፈ ነበር።» ታሪኩን በአጭሩ ነገረቻቸው። መምህሩ ስሙ ሲጠራ ማንም ሳይጠይቀው ብድግ አለና እስክትጨርስ ቆሞ ቆየ። «ትምህርትን ንቆ አልተወም፤ እኔን አስገድዶ አስጨርሶኛል። ሥራ ፍለጋ ስወጣ ወረቀቴ በር አስከፍቶልኛል። ከገባሁ በኋላ ግን ሲጨንቀኝ የማደርገው እሱ ሲያደርግ ያየሁትን ነው። አንድ ጊዜ ክፉ ተናግሬዋለሁ። ዛሬ ሰው ሁሉ ባለበት፣ አባዬ፣ ይቅር በለኝ።»

የክፍል ኃላፊዋ ቀድማ ተነሣች። ቀጥሎ ቴክኒሻኖቹ፣ ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ፤ ግቢው በሙሉ ቆመ። እናቷ ብቻ እንደተቀመጠች ቀረች፤ አንገቷን ግን አቅንታ ነበር፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። አጎቷ መሃረቡን እያጠፈ ወደ ሚጡ ጠጋ አለ።

«‹አምስት ቀን› ማለትሽ ጥሩ ነው» አላት በጆሮዋ። «እኔ ብሆን ሳምንት እለው ነበር።»

ሰው ሸኝተው ሲጨርሱ ቤቱ ጭር አለ። ሚጡና እናቷ ብርጭቆ ሲሰበስቡ ከቴሌቪዥኑ ጎን የአባቷ ስልክ ጮኸ። ሁለቱም ተያዩ።

«አንሺው» አለች እናቷ።

«ጋሼ!» አለ አንድ የወጣት ድምፅ፣ ነፋስ እየቆራረጠው። «ከሩቁ ጣቢያ ነው፤ ስልክ ያገኘሁት ገና አሁን ነው። አዲሱ ቴክኒሻን ነኝ።»

«ጋሼ የሉም» አለች ሚጡ። «ልጃቸው ነኝ። ምን ገጠመህ?»

ወጣቱ አመነታ፤ ቢሆንም ነገራት። የጣቢያውን አሮጌ ሕንፃ መስመር ቆርጦ አዲስ ጫፍ ገጥሞለታል፤ ስምንቱም ሽቦ በየቦታው ነው፣ መሣሪያው ግን የመገናኘቱን ምልክት መብራት አላበራ አለ። ሌላው የገመዱ ጫፍ ግንብ ውስጥ ተቀብሯል፣ ማየት አይችልም።

«የቱን ቀለም አስቀደምክ?»

«ብርቱካናማውን። መጽሐፉ እንደሚለው።»

ሚጡ ሕንፃውን አወቀችው። በአንድ የክረምት ዕረፍት አባቷ ይዟት ሄዶ ሽቦ በቀለም ስታቀብለው ውላለች። «መጽሐፉ ልክ ነው» አለችው። «ግንብ ውስጥ ያለውን ጫፍ ግን አባቴ ነው የገጠመው፤ በሌላኛው የቀለም አደራደር። አረንጓዴውንና ብርቱካናማውን አቀያይራቸው፤ አረንጓዴው ይቅደም። ሌሎቹን አትንካ።»

የመቁረጫው ድምፅ ተሰማ። እናቷ ብርጭቆ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

«በራ» አለ ልጁ ከጥቂት ቆይታ በኋላ። «በራ፣ እህቴ። ጋሼን ሰላም በይልኝ። ነገም የሚቀሩኝ መስመሮች አሉ፤ ብደውል ያስቸግራል?»

«አያስቸግርም። ደውል።»

ስልኩ ተዘጋ።

«አልነገርሽውም» አለች እናቷ።

«ገና ሥራ ላይ ነው፣ እማ። ሲጨርስ ይሰማል።»

የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ቀይ ምልክት ያሳያል። ሚጡ መሳቢያውን ከፍታ ቻርጀሩን ፈለገች፤ ግድግዳው ላይ ሰካችው። ከዚያም የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው።