የሁለት ቁጥር መኪና ቀስት

ሥራ የሚፈልግ ሰው አንገቱን ይድፋ ይላሉ። እኔ አልደፋሁም። ደፍቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደመወዝተኛ ነበርኩ።

አስራ አንድ ዓመት የአምቡላንስ ጣቢያ ጽዳት ነበርኩ። ሌላው ሰው አምቡላንስ ሲያይ መብራቱንና ጩኸቱን ያያል፤ እኔ የማውቀው ወለሉን ነው። ደም በሙቅ ውኃ ከታጠበ ጭራሽ ነክሶ እንደሚቀር፣ ከቃሬዛው ሐዲድ ሥር ምን ምን እንደሚወሸቅ አውቃለሁ። የሸሚዝ ቁልፍ፣ የጆሮ ጌጥ፣ አንድ እግር ጫማ።

በአርባ አራት ዓመቴ የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና ገባሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ተቆርጦ የቀረ ነበር፤ በጎልማሶች ትምህርት ስምንተኛን ጨርሼ ነው የተቀበሉኝ። ስምንት ወር ሙሉ ልጄ ታስጠናኛለች፣ እኔ እሷን በፋሻ እጠቀልላለሁ። «እማ፣ ደህናውን እግሬን ልትሰብሪው ነው!» ትላለች። ከሠላሳ ሁለት ሰው ሦስተኛ ወጣሁ። ልጄ የምስክር ወረቀቴን ከራሷ የምርቃት ፎቶ በላይ ሰቀለችው።

ወረቀት ግድግዳ ላይ ያምራል እንጂ አያበላም። መጀመሪያ የሄድኩበት የግል አምቡላንስ ቤት ጠያቂው ቀና እንኳ ሳይል «ልምድ?» አለኝ።

«አስራ አንድ ዓመት።»

ቀና አለ። «አምቡላንስ ላይ?»

«አምቡላንስ ውስጥ።»

«ሥራሽ ምን ነበር?»

«ጽዳት።»

ጎኑ ካለው ሰውዬ ጋር ተያዩና ሳቁ። የጽዳት ቦታ ሲከፈት እንደሚደውሉልኝ ነገሩኝ። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ዕድሜዬን አዩና «አንድ በሽተኛ ከአራተኛ ፎቅ ተሸክመሽ ማውረድ ትችያለሽ?» አሉኝ። «አንተን ከነወንበርህ አውርጄ ላሳይህ?» አልኩት ጠያቂውን። እዚያም አልተደወለልኝም።

ሦስት ወር እንዲህ ተንከራተትኩ። በመጨረሻ የራሴው የድሮ ጣቢያ ሁለት ቦታ ከፈተና የሦስት ቀን ሙከራ ሰጠኝ። ሦስቱን ቀን በደህና ከጨረስኩ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት አለቃው መወልወያ አቀበለኝ። «ጥሪ እስኪመጣ» አለ። መወልወያውን ተቀብዬ በሩ ላይ አስደግፌው ወደ መኪናው ሄድኩ። ከኋላዬ «ግትር!» ሲል ሰምቻለሁ። ልክ ነው፤ ግትር ነኝ።

አብረውኝ የተመደቡት ሁለት ናቸው። አንዱ ነባሩ ባለሙያ ነው፤ «ፊርማ» ይሉታል፣ የቀረበለትን ወረቀት ሁሉ ሳያነብ ስለሚፈርም። ሹፌሩን «መብረቅ» ይሉታል፣ ኤሊ ስለሚቀድመው። ሁለት ቀን በአንድ ቁጥር መኪና ዋልን። አንድ የተሰበረ ክንድ፣ አንድ ምጥ የያዛት ሴት። ክንዱን እኔ አሰርኩ፣ ሴቲቱን እኔ ደገፍኩ። ፊርማ እንኳ «እናቴ፣ አንቺስ ለካ ታውቂያለሽ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ቁጥር መኪና ላይ መደቡን። ሁለት ቁጥርን ከማንም በላይ አውቃታለሁ።

የዛሬ ዓመት ነው። ትንፋሽ ያጠራት አንዲት ሴት በዚህች መኪና ስትወሰድ መንገድ ላይ ሞተች። መኪናዋ ስትመለስ እኔ ከኋላ ባልዲዬን እየሞላሁ ነበር። ፊርማ ለአለቃው ሲነግረው ሰማሁ፦ «ቀስቱ ሙሉ ይላል፣ ስከፍተው ግን ምንም የለውም። ባዶ ነው።» የኦክስጅኑን መለኪያ ማለቱ ነው። ቀስቱ ሙሉ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። አለቃው «ቀኗ ደርሶ ነው በል» አለው። ዞር ሲል እኔን አየኝ። «አንቺ ምንም አልሰማሽም፣ አይደል?»

«ኧረ እኔ ምን እሰማለሁ» አልኩ።

ወለሉን ሳጸዳ ከሐዲዱ ሥር አንድ እግር ጫማ አገኘሁ፤ ግራጫ፣ ተረከዙ የተረገጠ። አድራሻውን ከመብረቅ ጠይቄ ለሴትዮዋ ልጅ ወሰድኩላት። ልጅቷ ጫማውን ደረቷ ላይ ለጥፋ «እትዬ፣ ኦክስጅን ሰጥተዋት ነበር?» አለችኝ።

«ሰጥተዋታል» አልኩ።

ያቺን አንዲት ቃል አንድ ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዣት ኖርኩ። የሠለጠንኩትም በእሷ ምክንያት ነው ብል ጻድቅ ልምሰል ማለት ይሆንብኛል። ግን ክፍል ውስጥ አሠልጣኛችን የኦክስጅን ሲሊንደር አቁማ «ሲከፈት ቀስቱ ይነሣል፣ ሲዘጋና ሲተነፍስ ወደ ዜሮ ይተኛል። የማይተኛ ቀስት አትመኑ» ስትል፣ ከሠላሳ ሁለቱ ሰው ራሱን ያመመው እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሁለት ቁጥር ውስጥ ገባሁ። ሲሊንደሩ ተዘግቷል፤ ቀስቱ ሙሉ ላይ ቆሟል። ዓይኑን ገልጦ እንደሚተኛ ሰው። ከፈትኩት። ማስኩን ጉንጬ ላይ ለጠፍኩ። ምንም የለም። እፍ እንኳ አላለም።

የጠዋቱን ቅጽ ፊርማ ገና ትናንት ማታ ሞልቶታል። ኦክስጅን፦ ሙሉ። የቀረው የእኔ ስም ብቻ ነው።

«ፈርሚ እንጂ እናቴ።»

«ባዶ ነው።»

«ቀስቱን እዪው።»

«በሽተኛ የማስተነፍሰው በቀስቱ ነው ወይስ በማስኩ?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ አለቃው መጣ። ነገርኩት። ፊርማን አየው። ፊርማ ጫማውን አየ። አለቃው ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ወደ መጋዘን ሄዶ አዲስ መለኪያ ከነካርቶኑ፣ ሙሉ ሲሊንደርም አስወጣ። መብረቅ በመፍቻ ገጠመው። ማስኩ ነፋ። ቀስቱ ሲከፈት ተነሣ፣ ሲዘጋ ተኛ። ግድግዳው ላይ ሰዓቱን አይቻለሁ። አሥር ደቂቃ ነው የፈጀው። አንድ ዓመት ሙሉ የጠራን ሰው አፍ ላይ ባዶ ቱቦ የለጠፍነው የአሥር ደቂቃ ሥራ ጠፍቶ ነው!

«ታዲያ ካርቶኑ እዚያ ተቀምጦ እስካሁን ምን ይጠብቅ ነበር?» አልኩ።

«ከመጋዘን ለማውጣት የተበላሸበት ቀን ይጻፋላ፤ ያ ቀን ደግሞ ሴትዮዋ የሞተችበት ነው» አለ መብረቅ ቀስ ብሎ።

አለቃው ቅጹን አቀረበልኝ። «በይ፣ አሁን ሙሉ ነው። ፈርሚ።»

«ቅጹ ላይ ያለው ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ላይ ባዶ ነበር።»

«ስሚኝ ሴትዮ። ዛሬ ባዶ ነበር ካልሽ፣ ትናንትስ ይሉኛል። ከትናንት ወዲያስ? አምናስ?»

«ይበሉዎታ።»

ከደረት ኪሱ ፖስታ አወጣ። «ይኼ የቅጥር ደብዳቤሽ ነው። ማኅተም አርፎበታል፤ ቀኑን ብቻ ነው ያልጻፍኩት።» ከፍቶ አሳየኝ። ስሜ ከነአባቴ ስም በማሽን ተጽፏል። አልዋሽም፣ እጄ ወደ ደብዳቤው ሄዶ ነበር። ልጄ ጠዋት ስወጣ የደንብ ልብሴን አንገትጌ ስታስተካክል ትዝ አለችኝ።

መብረቅ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «እህቴ፣ መኪናው ተሠራ። ከእንግዲህ ማንም አይጎዳም። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንብ አይገባም፤ አየርም አይገባም» አልኩት።

«የሞተችው ሞታለች» አለ አለቃው። «ቀኗ ደርሶ ነው።»

ይችን ባይላት ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። አላት። እሳት ለበስኩ። «ቀኗን የምታውቀው አንተ ነህ?» አልኩት። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስለው የኖርኩትን ሰው «አንተ» አልኩት፤ ምላሴም አልተሰበረም።

እስክርቢቶውን ወሰድኩ። የኔ ፊደል ትልልቅ ነው፤ ከሳጥኑ ወጥቶ ይፈስሳል። የፊርማን «ሙሉ» ሰርዤ ጻፍኩ፦ «አንድ ሰዓት ላይ ባዶ። ቀስቱ አይሠራም። ከዛሬ ዓመት ጀምሮ አይሠራም፤ አለቃውም ያውቃል። አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ተቀየረ።» ከሥሩ ፈረምኩ።

ቅጹ በካርቦን ሦስት ቅጂ ነው። ነጩ ለዋናው ቢሮ፣ ቢጫው ለጣቢያው፣ ሮዙ ለፈራሚው። ሮዟን ማንም አይወስዳት፤ ጨምድደው ወለሉ ላይ ይጥሏታል። አስራ አንድ ዓመት ሮዝ ወረቀት ስጠርግ የኖርኩት እኔ ነኝ። አለቃው ነጩንና ቢጫውን ሲቀድ ሮዟ ጡት መያዣዬ ውስጥ ገብታ ነበር።

ደብዳቤውንም ቀደደው። «አሁን መወልወያ እንኳ የሚሰጥሽ አታገኚም!»

«በሩ ላይ አስደግፌልሃለሁ» አልኩትና ወጣሁ።

የደንብ ልብሱን እንደለበስኩ ነው የሄድኩት። ሦስት ፎቅ ደረጃ፣ አረንጓዴ በር፣ ደወሉ በሽቦ የተንጠለጠለ። የሟቿ ልጅ ከፈተችና ወዲያው አወቀችኝ። «እትዬ! የእማዬን ጫማ ያመጣሽው! ግቢ እንጂ!»

«መጀመሪያ ስሚኝ። ከዚያ ግቢ ትይኝ እንደሆነ እናያለን።»

ሮዟን ሰጠኋት። በሩ ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ያኔ ሰጥተዋታል ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሽቼሽ ነው። ኦክስጅን ቢኖር ትድን ነበር አልልሽም፤ እሱን ሐኪም ይበል። ባዶ እንደነበር ግን እኔ እላለሁ። የትም ቆሜ እላለሁ።»

«አንድ ዓመት ሙሉ?»

«አንድ ዓመት ሙሉ።»

ዓይኗ እኔ ላይ ቆየ። እኔም አልሸሸሁም፤ ለመሸሽማ አንድ ዓመት ነበረኝ።

«አንቺንም አልምርሽም» አለች።

«አትማሪኝ።»

ወደ ውስጥ ገባች። በሩን ግን አልዘጋችም። አንገቴን አስገብቼ ሳይ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጎንበስ ብላለች፤ ወረቀቷን በጥርሷ ይዛለች።

«ዋናው ቢሮ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» አለችኝ በጥርሷ መሐል። ጫማዋን እያሰረች ነበር።