በፒያኖው ሆድ ውስጥ የተገኘው ውኃ

ሀሚድ ገንዘብ የማይቀበል ሰው አያምንም። የሚቀበል ሰው ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል፤ ትሰጠዋለህ፣ ይሄዳል። «ይቅር፣ ግድ የለም» የሚል ሰው ግን ሌላ የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው። ፒያኖ ቃኚው ፈጠነ ደግሞ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስቴም «ይቅር» ብሏል።

ፈጠነ የበርበራ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ አንድ ፒያኖ ጠጋኝ ዘንድ ተቀጥሮ ሙያውን ቀስሟል። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ሀርጌሳን ሲያልፍ መኪናውን ዳር ያስይዝና የፒያኖ መቃኛውን ከጎማ መፍቻው ጋር በአንድ ከረጢት አንጠልጥሎ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የከተማው ሠፈር ወዳለው አዳራሽ ይመጣል። ከረጢቱም ለሀሚድ ደስ አላለውም።

አዳራሹን የተከራየችው ኢስታሂል ናት። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ የዐስር ሰላት ካለቀ በኋላ ሃያ የሚሆኑ የሠፈር ሰዎች ይሰበሰቡና እሷ ብሪታንያ፣ ካርዲፍ ያለች አክስቷ በላከችላት ፒያኖ እየመራቻቸው አብረው ይዘፍናሉ። ሀሚድ የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ ነው። በሥራ ወረቀቱ ላይ ግን፣ ራሱ ለምኖ ባስጻፈው መሠረት፣ «ሎጂስቲክስ ኮርዲኔተር» ይባላል። ድሬዳዋ ስላደገ፣ ዩኒቨርሲቲም የተማረው እዚያው ኢትዮጵያ ስለሆነ፣ ከቡድኑ አማርኛ የሚሰማ እሱ ብቻ ነው። ፈጠነ ሲመጣ ታዲያ አስተርጓሚም ይሆናል።

ችግሩ ፒያኖው ተቃኝቶ ሳምንት አይቆይም፤ ድምፁ ይወርዳል። ዑድ ተጫዋቹ ባሺር ከፒያኖው ጋር ለመስማማት የዑዱን ክር ሲያላላ፣ ደግሞ ሲያላላ፣ ሴቶቹ የአባቶቻቸውን ድምፅ ማውጣት ጀመሩ። ባሺር ይህ ሣጥን ወይ ይሂድ ወይ እኔ ልሂድ አለ። ጋአን ሊባህ ሠፈር ያለ አንድ ሆቴል ደግሞ ለእንግዳ መቀበያው ፈልጎታል፤ አበባ ሊያስቀምጥበት። ኢስታሂል ቁርጡን ተናገረች፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ሐሙስ መላ ካልተገኘለት ሆቴሉ ይወስደዋል።

ሀሚድ ይህን ሲሰማ ምሳ አልበላም። ማንም የማያውቀው ነገር አለ፤ በየጠዋቱ አዳራሹን ጠርጎ ሲጨርስ በሩን ከውስጥ ይቆልፍና በአንድ ጣት ፒያኖ ይጫወታል። አንዲት ዜማ ብቻ፣ እናቱ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉራትን። በሁለት ወር ልፋት ግማሿን አግኝቷታል።

ፒያኖውን ላለማጣት መሰለል የጀመረው ግን ከዚያም በፊት፣ የሆቴሉ ፍላጎት እንደተሰማ ነው። ፈጠነ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃኝቶ በሄደ ማግስት የፒያኖውን የታች ሳንቃ ነቅሎ ሲያይ፣ ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ የፕላስቲክ ዕቃ አገኘ። ውስጡ ውኃ ነበር።

ሁለት ነገር ጠረጠረ። አንደኛው ድግምት ነው። ሁለተኛው፣ የተማረ ሰው እንደመሆኑ የመረጠው፣ አሻጥር ነው፤ ሰውየው የሆቴሉ ቅጥረኛ ቢሆንስ? ብረት ውኃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለሹፌር አይነገርም። ፈጠነን መጠየቅ ይችል ነበር፤ ግን የሚጠይቅ ሰላይ አይቶ አያውቅም። ለሁለቱም የሚሆን መፍትሔ ወሰደ። ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ቀራበትና ውኃውን ደፋው። በዚያ ደረቅ ወር ሀርጌሳ ውስጥ ውኃ ሜዳ ላይ መድፋት ነውር ነውና፣ የደፋው በሩ አጠገብ ካለችው የኒም ችግኝ ሥር ነበር። ባዶውን ዕቃ ወደ ቦታው መለሰ፤ ጠላት እንዳይነቃ።

ፈጠነ በሁለተኛው ጉዞው ዕቃው ደርቆ ሲያገኘው ከንፈሩን መጠጠና ሦስት ሊትር የሚይዝ ተካበት። ሀሚድ ደፋው። በሦስተኛው አምስት ሊትር የሚይዝ አመጣ። ዕቃው ባደገ ቁጥር የሀሚድም ጥርጣሬ አደገ። ይህን የመጨረሻውን ግን አልደፋም፤ ለማስረጃ ተወው።

የተቆረጠው ሐሙስ ደረሰ። ባሺር ዑዱን ከፒያኖው ጋር ሞከረና ግንባሩን ቋጠረ፤ ዛሬ ሳያላላ ገጠመ። አጋጣሚ ነው አለ። ሀሚድ በልቡ የቀራሁት ሠራ አለ። ኢስታሂል በበኩሏ፣ ምክንያቱ እስካልታወቀ ድረስ ነገ ተመልሶ እንደሚወርድ ተናገረች፤ የሆቴሉ ሰዎች ቅዳሜ ይመጣሉ። ፈጠነ ከረጢቱን ይዞ ሲገባ ሀሚድ ጊዜ አላጠፋም። ዕቃውን ከፒያኖው ሆድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በሰው ሁሉ ፊት አስቀመጠው። ባሺር ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ሀሚድ፣ በዐቃቤ ሕግ ድምፅ።

«ውኃ ነዋ፣ ጋሽ ሀሚድ።»

«ለምን ተደበቀ?»

«አልደበቅሁትም፤ ቦታው እዚያ ነው። አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ክሩ ይላላል። አጠገቡ ውኃ ሲኖር ግን አየሩ ከውኃው ይጠጣና እንጨቱን ይተወዋል። የገረመኝ ካሁን በፊት ያንን ሁሉ ውኃ በሁለት ሳምንት መጨረሱ ነው። ይኸው፣ አሁን የጎደለው ሁለት ጣት ብቻ ነው።» ንግግሩን አቆመ። ዓይኑ በተከፈተው በር ወጥቶ ከመንገዱ ሁሉ ብቻዋን የለመለመችው ኒም ላይ ዐረፈ። «ጋሽ ሀሚድ፣ ይቺን ችግኝ ማነው የሚያጠጣት?»

ሀሚድ ጀርባውን ለበሩ ሰጠ።

«ምን አለ?» አለች ኢስታሂል በሶማሊኛ።

ሃያ ሰው ሀሚድን አየ። «መልስ የለውም፣ ቀባጠረ» ብሎ ቢያስተረጉም የሚያጋልጠው አንድ ሰው የለም፤ ፈጠነ ሶማሊኛው ከነዳጅና ከኬላ አያልፍም። ክብሩ ትተርፋለች። ፒያኖው ቅዳሜ ይጫናል፤ የዜማዋም ግማሽ አብሮ።

አስተረጎመ። ስለ እንጨቱ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ሁለቱ ጣት፣ አንድም ሳያስቀር። ስለ ችግኟ ያለውንም። ከዚያ፣ የሚተረጎመው ካለቀ በኋላ፣ «እኔ ነኝ» አለ። «ስደፋው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ባሺር ዑዱን አስቀምጦ ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኒሟን የሚጠራት «ሎጂስቲክስ» እያለ ነው። ኢስታሂል ወደ ሆቴሉ ደወለች፤ ፒያኖው የለም፣ አረንጓዴ ነገር ከፈለጋችሁ ግን አንዲት ጥጋበኛ ችግኝ አለችን አለቻቸው። ለሀሚድም ዕቃውን በአደራ ሰጠችው፤ ከእንግዲህ የሚሞላው እሱ ነው። ፈጠነ ሲሄድ ገንዘብ ሰጡት። «ይቅር» አለ። ሀሚድ ይህንን ልብ ብሏል።

በማግስቱ ጠዋት ሀሚድ ዕቃውን እስከ አንገቱ ሞላ፣ በእስክሪብቶ የውኃው ልክ ላይ መስመር አሰመረ፣ ወደ ፒያኖው ሆድ መለሰ። ከዚያ በአንድ ጣቱ ዜማውን ካቆመበት ቀጠለ። በሳምንቱ ከፍቶ ሲያይ ውኃው ከመስመሩ አንድ ጣት ወርዷል። አየሩ ነው፣ እሺ። ቢሆንም ቁጢጥ ብሎ ብዙ አሰበ። ባሺር ትናንት እዚህ ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ነበር፤ የጠማው ሰውም ይመስል ነበር።